ቀድማ የወጣች እልልታ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የጥር ዕረፍት ሲመጣ ከነቀምቴ ወጥተን ዲጋ አጠገብ ጫካ ጥግ ወደምትኖረው የአባቴ እኅት ዘንድ እንሄድ ነበር። አዳዳ እንላታለን። ቀን ቀን ከአባቴ ጋር ጉሬዛና ወፍ ስንፈልግ እንውላለን፤ ሲመሽ ደግሞ አዳዳ ፍሙን ቆስቆስ አድርጋ፣ ቀን ያየነውን ሁሉ በኩራዙ ብርሃን በተረት መልሳ ታመጣልን ነበር።

አንድ ዓመት የአባቴ አለቃ፣ ግራዝማች፣ ጠመንጃቸውን ይዘው አብረውን መጡ። የዚያን ምሽት አዳዳ የነገረችን፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ስለሚመስለው ትልቅ ጥቁር ወፍ ነበር። ሚስቲቱ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ የምትተወው ምንቃሯን የምታሾልክበት ስንጥቅ ብቻ ነው። ጫጩቶቿ እስኪጠነክሩ ባልዋ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል።

«እሱ አንድ ነገር ከሆነስ?» አልኳት።

አዳዳ፣ ጭሱ ዓይኗን ቆጥቁጧት ይሁን እንጃ፣ ፊቷን አዞረች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሷማ ትጠብቃለች» አለችኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ግራዝማችም ይህንኑ ሰምተዋል፤ እሳቸው ልብ ውስጥ የቀረው ግን ምንቃሩ ነው። «ለሳሎኔ ግድግዳ ይሆነኛል» አሉ ጠዋት። አባቴ «እንዳሉ» ብሎ መንገድ መራ። ተናደድኩበት። እንጀራችን በእኚያ ሰው እጅ እንደነበረ ያኔ መች ገባኝ!

ሚስቲቱ ከተደፈነችበት ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር ተደብቀን ጠበቅን። ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው፣ «ስጥለው እልል ትይልኛለሽ፣ እሺ?» አሉኝ፤ ለገዳይ እልል ማለት የሴት ወግ ነው። «እሺ» አልኩ። ከጭቃው ስንጥቅ የምንቃር ጫፍ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ወዲያው ጋቢ ሲያራግፉት ያለ የክንፍ ድምፅ ከላያችን መጣና ወፉ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፤ ጉሮሮው በሾላ ፍሬ አብጧል። ግራዝማች አነጣጠሩ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። «አይግደሉት» ልል ፈለግሁ፤ በትልቅ ሰው ፊት፣ ያውም በአባቴ አለቃ ፊት፣ አፌ ተሳሰረ። ልለው የተፈቀደልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እልልልልል!»

ወፉ ተነሥቶ በረረ፤ ጥይቱ ቅጠል አራገፈ።

«ምነው አንቺ! ሳይወድቅ?» ጮኹ ግራዝማች።

«ልጅ ናት ጌታዬ፣ ቸኩላ ነው» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ግራዝማች እንደተኮሳተሩ ከሰዓት በኋላ ወደ ነቀምቴ ተመለሱ። እኔን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ወፉ ከተኩሱ በኋላ ደንግጦ ባይመለስስ? እሷ እዚያ ውስጥ ተደፍና እየጠበቀች!

የአዳዳን ተረቶች አብዛኞቹን ዛሬ ረስቻቸዋለሁ። የማግስቱ ንጋት ብርድ ግን እስካሁን ገላዬ ላይ አለ። አባቴ ማንንም ሳያነቃ በጋቢው ጠቅልሎ ቀረሮው ሥር ወሰደኝ። ተቀመጥን። ፀሐይ ወጣች፤ ምንም የለም። የምንቃሯ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ይመለሳል። ማልቀስ ስጀምር ያ የክንፍ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ዛሬ ግን ዝም በይ» አለኝ።