ፓይተንን ከጺማሙ መምህር ስማር

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ቪዥዋል ቤዚክ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ወልደው፣ የወለዷቸውን አሳድገው ለእኔው ላኩልኝ፤ እኔ ግን ያንኑ ነገር፣ ከዚያችው ደብተር። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊያችን ጠራኝና፣ «መምህር፣ ይሄን ቅርስ ጥበቃህን ተውና አዲስ ቋንቋ ምረጥ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኛ ፊት የሙከራ ትምህርት ትሰጣለህ። ካልሆነልህ ክፍልህን ለአዲሱ ወጣት መምህር እንሰጠዋለን፣ አንተ ንብረት ክፍል ትገባለህ» አለኝ። የእኛ ንብረት ክፍል ማለት አርባ የተሰበሩ ወንበሮችና አንድ አይጥ ናቸው። አይጡ በአገልግሎት ዘመን ይበልጠኛል፤ አለቃዬ መሆኑ ነው።

ምክር ፍለጋ ጉብሬ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የድሮ ተማሪዬ፣ «ጃቫ ይሻልሃል ጋሼ» ብሎ መጽሐፍ አዋሰኝ። ከመጽሐፉ ጋር ባጃጅ ስገባ ሹፌሩ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። ቡታጅራ ስልክ የሚጠግነው የባለቤቴ ወንድም ግን፣ «ጋሼ፣ አሁን ሰው ሁሉ ፓይተን ነው። ቀላል ነው፣ አንተም ትችለዋለህ» አለ። «አንተም» የምትለዋ ነገር ከነከነችኝ፤ በእልህ እሱኑ መረጥኩ። ባለቤቴ ፓይተን የዘንዶ ስም መሆኑን ስትሰማ፣ «ሔዋንም የተማረችው ከእሱው ነው» አለች። ጴንጤ ናት፤ በእባብ ጉዳይ አትደራደርም።

ያው ወንድሟ ስልሳ አራት የቪዲዮ ትምህርት በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። አስተማሪው አንድ ሕንዳዊ ነው። ፍላሹን ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። የመጀመሪያው ትምህርት እንደ ማር ወረደልኝ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ቀጣዩን ሲከፍት ሰውዬው «ባለፈው እንዳየነው» አለና፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ነገር እንዳየሁ ቆጥሮ ይጋልብ ጀመር።

ተኝቼ አምልጦኝ ነው ብዬ መለስኩት። አልተኛሁም። ደገምኩት፣ ሰለስኩት፤ ቀጣዩ ደግሞ ባሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ከአሥር ቪዲዮዎች ጋር ስታገል ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጭንቅላቴ በቃው ማለት ነው ብዬ የእውነት ፈራሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

አንድ ቀን ባለቤቴ አጠገቤ ጎመን እየቀነጠሰች ቴሌቪዥኑን አየት አደረገችና፣ «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ጺሙ አገጩን ሸፍኖት ነበር። ዛሬ መጀመሪያ ሲመጣ ልጭት ብሏል። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ጫካ ሆኗል።»

«ሴትዮ፣ እኔ ስለ ትምህርቱ ነው የማስበው።»

«አስብ። እኔ ግን በግማሽ ሰዓት እንዲህ የሚበቅል ጺም አላየሁም።»

በሁለቱ ትምህርቶች መሃል የዘለልኳቸው ቀናት አሉ ማለት ነው ብዬ ሪሞቱን አንስቼ የቪዲዮዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ከአንድ ቀጥሎ አሥር። ከዚያ አሥራ አንድ፣ እንዲያ እያለ እስከ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ሁለት፣ ከሁለት ቀጥሎ ሃያ። ቴሌቪዥኑ የመጀመሪያውን አሃዝ ብቻ እያየ፣ በአንድ የሚጀምረውን ሁሉ አንድ ላይ ሰልፍ አስይዞታል። ኮምፒውተር ቁጥርን እንደ ፊደል ከቆጠረው እንዲህ እንደሚደረድር ደግሞ እኔው ራሴ ተማሪዎቼን በፈተና ስጥልበት የኖርኩት ጥያቄ ነው። ባለቤቴን ግንባሯን ሳምኳት። «ጎመኑን እንዳትደፋው» አለችኝ።

በቀረችኝ አንድ ሳምንት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ያሉትን በሪሞት እየለቀምኩ አየሁ። አሥር ላይ ስደርስ ያ ጠላቴ የነበረው ትምህርት እንደ አገር ልጅ እየሳቀ ተቀበለኝ።

የሙከራው ቀን መምህራኑ ፊት ቆሜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ትምህርቶች ብቻ አስተማርኩ። ያልገባው ሰው ምን እንደሚመስል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እያንዳንዷን ነገር ቆርሼ አጎረስኳቸው። ክፍሌን ሊወርስ የተቀመጠው ወጣት እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ በዚህ አካሄድ ፓይተን ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ብዙ አይደለም» አልኩት፣ «እኔ ጡረታ እስክወጣ ነው።»

ሳቁ። ኃላፊው ግን ከመሳቁ በፊት፣ «ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው የሂሳብ መምህራችን እንኳ ገብቶታል» አለና የክፍል ድልድሉን ወረቀት ስቦ ስሜን ጻፈበት። በእርሳስ አይደለም፣ በእስክሪብቶ ነው የጻፈው። ጠጋ ብዬ አይቻለሁ።