ዝም ካልሁማ እሺ ማለት ነው

ባለፈው ጁምዓ ኒካዬ ታሰረ... በገዛ አፌ ላፈርሰው ለጥቂት ነው የተረፈው።

እኔ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ተሸፋፍኜ ተቀምጫለሁ፣ ሰይድና ሽማግሌዎቹ ሳሎን ናቸው፣ በመሀላችን መጋረጃ ብቻ። አጎቴ ምስክሮቹን አስከትሎ መጣና «ለሰይድ እንድድርሽ ወክለሽኛል?» አለኝ። እኛ ሀገር እዚህ ላይ ሙሽራ አትናገርም፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ዝም ካለች እሺ ብላለች ነው፣ አለቀ። እኔ ደግሞ የምለው አለኝ... ዝም ካልሁ አለፈኝ።

ነገሩ የእህቴ የዘሀራ ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሁላችንም ከሐይቅ ወደ ኮምቦልቻ ስንሸሽ ባሏ ከብቶቹን አይቼ ልምጣ ብሎ እንደተመለሰ ቀረ። ሞቷል የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ሌላ እንዳታገባ ባል አለሽ ትባላለች፣ ባሌ የታለ ስትል ሶብር አድርጊ ትባላለች፣ ይኸው እስካሁን ያማቶቿን እህል ትፈጫለች። የኔው ሰይድ ደግሞ ሥራው አይሱዙ መንዳት፣ እሱም ወደ ሰሜን! ጦርነቱ ቆመ ቢባልም ወላሂ ያን መንገድ አላምነውም።

«ሸርጥ አለኝ» አልሁ፣ ኒካው እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው የሚታሰረው ማለቴ ነው።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አጎቴም አንች፣ ሙሽራ እኮ ዝም ነው የምትለው አለ። እኔ ግን አንዴ ከወጣ ወዲያ ማን ያቆመኛል... ዓመት ሙሉ ድምፁ ከጠፋ ራሴን የምፈታው ራሴ ልሁን፣ ከሞተም ዒዳዬን፣ የሐዘን ወራቴን ጨርሼ ወደ እናቴ ቤት ነው እንጂ ዘመዶቹ ጋ አልቀርም፣ በላቸው አልሁት። ትንፋሽም አልወሰድሁ።

አጎቴ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ነገራቸው። ከዚያ የሰፈራችን ትልቁ ሽማግሌ አያ ሙሄ «ልጅቱ ገና ሳትገባ የሬሳ ከፈን ትለካለች እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። አንዱ ሟርተኛ ናት እንነሳ ይላል፣ ሼኹ ሸርጥ መያዝ መብቷ ነው፣ ወንድየው ይመልስ ይላሉ።

ከሰይድ በኩል ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማኝ...

አክስቴ በጆሮዬ፣ ያን ሁሉ ወጥ ለብቻችን ልንበላው ነው አለችኝ። እኔ በጓሮ በር ወጥቼ አርዲቦ ሐይቁ ድረስ ልሩጥ ወይስ እዚሁ ልሙት እያልሁ ነው።

አጎቴ ተመለሰ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ሰይድ በሁሉም ተስማምቷል፣ ግን እሱም አንድ ሸርጥ አለው አለኝ።

«ከሞትሁ ዑመርን እንዳታገባ ብሏል።»

ዑመር ታናሽ ወንድሙ ነው። የሟች ሚስት ለወንድምየው ትቅር የሚሉ ዛሬም አሉ፣ ሰይድ እሱን ፈርቶ ነው። ዑመር ደግሞ እዚያው ሳሎን ለእንግዳ ተምር እያዞረ ነበር አሉ... ድምፁ መጋረጃውን አልፎ መጣ።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ይችን ምላሰኛ ቢመርቁልኝም አልወስዳት!»

ሼኹ ሳይቀሩ ሳቁ። ዘሀራ እጄን ጭብጥ አድርጋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ የቱ እንደሆነ እንጃ። እኔም ዑመርን አላገባም በላቸው አልሁ፣ ኒካው ታሰረ።

ሰይድ ዛሬ ጠዋት ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ወልድያ ወጣ። ፍችውንም ሞቱንም ጁምዓ ለት ጨርሰነዋል፣ አሁን የቀረን አብሮ መኖሩ ነው... እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።