የመርሻ እህት የት ትገባለች?

ባሌ መርሻ ሰው አያምንም። ፒያሳ አርባ ዓመት ወርቅ ሲሠራና ሲፈትን የኖረ ሰው ነው። "የእናቴ ነው" ብሎ ሀብል ይዞ የመጣ ሁሉ፣ በአሲድ እስኪፈተን ድረስ እሱ ዘንድ ውሸታም ነው። ቤትም ያው ነው። የገዛሁትን ቅቤ ጣቱን ነክሮ ያሸትና "ሙዝ ነገር አለበት" ይላል። ኧረ ተዉኝ! እንዲህ ካለ ሰው ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ያን እሑድ ግን የተጠራጠረው ቄሱን ነው። እኛ የጉራጌ ካቶሊኮች ነን። አባ ፍትዊ ገና ወጣት ናቸው፤ ካህን ከሆኑ አምስት ዓመት አይሞላቸውም። ሲሰብኩ፣ "ያለ ጥፋታቸው ክርስቶስን ሳያውቁ የቀሩ፣ ግን በቅን ልብ እግዚአብሔርን የሚፈልጉ፣ ሊድኑ ይችላሉ" አሉ። መርሻ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

"ሰማሽ? ሊሸነግሉ ነው።"

"ማንን?"

"እኔን ነዋ! ስለ እትዬ የሆነ ሰው ነግሯቸዋል።"

እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን ረይሀናን ነው። እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ሁለት ነው፤ የሷ አባት ሙስሊም፣ የሱ ካቶሊክ። ይኼ እኛ አገር ብርቅ አይደለም። ችግሩ መርሻ በልጅነቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት "ከቤተ ክርስቲያን ውጪ መዳን የለም" ሲሉት ቃል በቃል መያዙ ነው። ያቺ የመሰለች እህቱ እሳት ትገባለች እያለ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲበላው ኖረ። ለኔ እንኳ የነገረኝ በቅርቡ፣ እሷን የሚያክማት ሐኪም "ልባቸው ደክሟል፣ ተዘጋጁ" ካለን በኋላ ነው።

ቅዳሴው እንዳለቀ ቄሱን በር ላይ ያዛቸው።

"አባ፣ ድሮ የተማርኩት ውሸት ነበር?"

"ውሸት አልነበረም፣ ጋሽ መርሻ። የሚድን ሁሉ የሚድነው በክርስቶስ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑም በኩል። ይኼ አልተለወጠም። ያ ከባድ ቃል ግን እውነት መሆኑን አውቆ እምቢ ላለ ሰው ነው። ላላወቀ አይደለም።"

"ይኼን ማን ጨመረው?"

"አልተጨመረም። ከጥንት አባቶች መካከልም እንዲህ ያስተማሩ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን በጉባኤ አብራርታ ጻፈችው።"

"ወረቀቱን ያሳዩኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! አባ ፍትዊ ግን ሳቁና መጽሐፉን አምጥተው ሰጡት። መነጽሩን አድርጎ ሦስቴ አነበበው፤ ማኅተም የሚፈልግ ይመስል ጀርባውንም ገልብጦ አየ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ምነው?" አልኩት ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ።

"ነግሬያታለሁ፣ አሰፋች! ላላወቀ ነው ያሉት፤ እሷ ግን ታውቃለች! በአሥራ ሦስት ዓመቴ ለክረምት እረፍት ስገባ፣ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትምህርተ ክርስቶሱን ጥያቄውን ከነመልሱ ከዳር እስከ ዳር አስጠንቻታለሁ። አፌን ብዘጋ ኖሮ ትድን ነበር። ያጠፋኋት እኔ ነኝ!"

ሳቄ መጣ፤ እንባውን ሳይ ዋጥኩት።

በዚያው ወደ እሷ ሄድን። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ልጇ ኢልሀም ቤት ነው የተኛችው። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፦

"እትዬ፣ ያኔ ያስጠናሁሽን ታስታውሻለሽ?"

"እንዴት እረሳለሁ? ጆሮዬን አደንቁረኸው!" አለችና የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቃሏ አወረደቻቸው። አንዲት ቃል አልሳተችም። መርሻ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ታዲያ ለምን እምቢ አልሽ?"

"ማን እምቢ አለ? ማን ጠየቀኝና! ጥያቄውንም መልሱንም የምትለው አንተው ነበርክ። አንድ ቀን 'አንቺስ ምን ይመስልሻል?' ብለኸኝ አታውቅም። እኔማ ትምህርትህን የማስጠናህ ነበር የመሰለኝ።"

"እውነትሽን ነው? እኔን ለማስደሰት አይደለም?"

"ወላሂ!"

እልል ለማለት ምንም አልቀረው። ባሌ ደግሞ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ የድሮውን ትምህርት፣ የአባ ፍትዊን ንግግር፣ የሃምሳ ዓመት ፍርሃቱን ሁሉ ዘረገፈላት። ፊቷ እየጠቆረ ሲሄድ እኔ አየሁ፤ እሱ አላየም።

"ቆይ" አለችው። "በየመስቀሉ ክርስቲያን ጎረቤት ለምኜ የማሳርድልህን፣ ድስትህን ከድስቴ ለይቼ የምሠራልህን፣ እሳት ትገባለች እያልክ ነው ስትበላ የኖርከው?"

መርሻ አንገቱን ደፋ። "እየጸለይኩልሽ" አለ።

"እንግዲያው ዛሬ ጠይቀኝ! ሃምሳ ዓመት ያልጠየቅከኝን አሁን ጠይቀኝና መልሴን ስማ።"

መልሷ "እምቢ" እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከትራሷ ቀና ብላ አፏን ስትከፍት፣ መርሻ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አፏን በመዳፉ ከደነው።

"አልጠይቅሽም! እትዬ፣ በእናታችን ሞት፣ እኔ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትመልሺልኝ!"

እጁን መንጭቃ ትጥለዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷን ዝም በይ ብሎ የደፈረ ሰው የለም። ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ትራሷ ተመለሰች።

እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።