የገንዳዬ ውሃ በቤተ ክርስቲያን ስክሪን ላይ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚህ አገር ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው። ዛሬም መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ባልዲ በነከርኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ትዝ ባለኝ ቁጥርም አፌን ይመረኛል። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ነገሩን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ስላለው ሳምንቱን እዚያው ያድርና ለእሑድ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ቤት ውስጥ እኔና የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ቤቴል ብቻ ነን። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። በሩን ቆልፌ፣ ተመልሼ ደግሞ እገፋዋለሁ። የልጄን ፎቶ ማንም ስልኩ ላይ እንዲያስቀምጥ አልፈቅድም፤ ማን እጅ እንደሚደርስ አይታወቅማ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሁለት አዛውንት ሚስዮናውያን ለአንድ ሳምንት እንድናሳርፍ ለመኑን። አባባ ላምቦሮና ባለቤታቸው እማማ አስቴር ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በወንጌል ሥራ ያሳለፉ፣ እኛ በተወለድንበት በአገራችን ደቡብ ስማቸው የተከበረ ሰዎች ናቸው። የመጡት ከሲንጋፖር ነው፤ እዚያ ተጋብዘው ሦስት ሳምንት ቆይተዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ቤቴ መግባታቸው አኮራኝ። አልጋዬን ለቅቄላቸው እኔና ቤቴል ሳሎን መሬት ላይ ተኛን።

ማክሰኞ ገቡ፣ ረቡዕ ውሃ ጠፋ። በከተማችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ መንገዱ ጥግ ሲቆም እኔና ቤቴል ተሰልፈን እንቀዳና ደረጃውን ተሸክመን እንወጣለን። ውሃ ሲጠፋ ቤቴ ሕግ አለው። ንጹሑ ጀሪካን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ነው። ሰው የታጠበበት ውሃ ደግሞ አይደፋም፤ ገንዳው ይደፈንና እዚያው ይጠራቀማል፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። ይህን ለእንግዶቹ አንድ በአንድ አስረዳሁ። አባባ «እሺ፣ እሺ» አሉ። አሁን ሳስበው አልሰሙኝም።

ወሬያቸው ሁሉ ሲንጋፖር ነበር።

«መሬቱ ላይ ቁጭ ብለሽ ብትበዪ አያምሽም» አሉኝ አባባ ምሳ ላይ። «ባቡሩ ሾፌር የለውም። የሚጋፋ ሰው የለም። መሬቱ ላይ መስመር ተሰምሯል፣ ሁሉም በመስመሩ ይቆማል።»

«ሽንት ቤቱስ!» አሉ እማማ። «ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ሞቅ ያለ ውሃ መጥቶ ራሱ ያጥብሻል። በእጅሽ አትነኪም።» ይህን እያሉ የሰጠኋቸውን ማንኪያ በእርጥብ ሶፍት ጠረጉት። ያጠብኩት ማንኪያ ነው። ሶፍቱን ገልጠው አዩት፣ ምንም የለበትም። ሌላ ሶፍት አወጡና ደገሙት።

ቤቴል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማ፣ ለምን እዚያው አልቀሩም?» አለችኝ። ቆነጠጥኳት።

አርብ ዕለት አባባ ገላቸውን መታጠብ ፈለጉ። የተጠራቀመውን ውሃ ጨርሰን ስለነበር ገንዳው ባዶ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ አሙቄ፣ ከጆግ ጋር ሰጠኋቸው። ለእኔና ለቤቴል አንድ ባልዲ ለሁለት ይበቃናል። ለእሳቸው አልበቃቸውም። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ያለውን የመጠጥ ጀሪካን ሙሉውን ራሳቸው ላይ ደፍተውት ወጡ።

«ቀዝቃዛ ነው እንጂ ጥሩ ነበር» አሉኝ።

ቤቴል ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምትጠጣው አጣች። እንግዳ ናቸው፣ የእግዚአብሔር ሰው ናቸው ብዬ ንዴቴን ዋጥኩት። ልጄ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወርዳ ተሰልፋ ቀድታ መጣች። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ከቀረው በባልዲ ቀድታ ሽንት ቤቱ ላይ ልትደፋ ገባች። እማማን ኮሪደሩ ላይ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ቆመው አየኋቸው። ኔትወርክ የሚፈልጉ መስሎኝ አለፍኩ።

እሑድ አባባ ጉዟቸውን እንዲያካፍሉ መድረክ ተሰጣቸው። ፎቶዎቻቸው በትልቁ ስክሪን ይታያሉ። አበባ የተተከለበት ድልድይ፣ መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ባቡር ጣቢያ መጣ። ሕዝቡ «ወይ ጉድ!» ይላል። ቁልፎች ያሉት ነጭ ሽንት ቤት መጣ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ቀጥሎ የእኔ ገንዳ መጣ።

ግድግዳውን ሞልቶታል። ውሃው ግራጫ ነው፣ የሳሙና አረፋና ፀጉር ተንሳፍፎበታል። ልጄ ጎንበስ ብላ በባልዲ ትቀዳለች። ፊቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ወገኖቼ» አሉ አባባ። ድምፃቸው በእንባ ተንቀጠቀጠ። «ልጆቻችን በስደት አገር የሚታጠቡትም የሚያበስሉትም በዚህ ነው! ይህን ፎቶ በሄድኩበት ሁሉ አሳየዋለሁ።»

ቤቴል መድረኩ ጎን ከመዘምራኑ ጋር ቆማለች። አጠገቧ ያለችው ልጅ አፍንጫዋን ያዘች፣ ሌላዋ ሳቋን አፈነች። ልጄ እኔን ታየኛለች። ያስጠላኝ ውሃው አይደለም፤ የሽማግሌው እንባ ነው። በልጄ ፊት ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

በዚያ ጉባኤ ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ቀሚሴን ይዞ «ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም።

«አባባ» አልኩ። «ያ ውሃ አርብ ዕለት እርስዎ የታጠቡበት ነው።»

እጄን ወደ ስክሪኑ ዘረጋሁ።

«ፀጉሩም የእርስዎ ነው። ልጄ የቀዳችው ለሽንት ቤት ነው። የምትጠጣውን ራስዎ ላይ ደፍተውባት ነው የወጡት። ፎቶዋን ያጥፉልኝ፤ አሁን፣ እያየሁ።»

«ልጄ፣ ለበጎ ነው እኮ። ሸክሙ ተሰምቶኝ...»

«ሸክሙን የተሸከመችው እሷ ናት፣ አባባ። ያጥፉት።»

ባለቤቴ ቀሚሴን ለቀቀና ተነሳ። «ያጥፉት» አለ እሱም። አባባ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ስልኩን ከእማማ ተቀብለው ፎቶውን አጠፉት። ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

ሻንጣቸው ቤታችን ስለነበር ምሳ አብረን መብላት ነበረብን። ውሃው ገና አልመጣም። ቤቴል እንደ ወጋችን ጆግና ሳፋ ይዛ እንግዶቹን ልታስታጥብ ቀረበች። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀና ብለው አላዩዋትም። አስታጥባ ስትጨርስ ሳፋውን ከፍ አድርጋ «አባባ፣ ይህቺንም ፎቶ ያንሷታል?» አለቻቸው። ከዚያ ወስዳ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ድምፁ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

የዚያን ቀን አልቆነጠጥኳትም።

ሰኞ ሄዱ፣ ማታውኑ ውሃ መጣ። ገንዳውን በበረኪና ሦስት ጊዜ ፈተግኩት። ሲንጋፖር ንጹሕ ከተማ መሆኗን አምናለሁ፤ እነዚያ ሰዎች ግን ስማቸው ሲነሳ እስካሁን ልተፋው የመጣውን ምራቅ እውጣለሁ። ፎቶው በእርግጥ ጠፍቶ እንደሆነም አላውቅም። ከስልክ የጠፋ ነገር የት እንደሚሄድ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ቤቴል አሁንም ትዘምራለች። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ግን የመታጠቢያ ቤቱን በር ትቆልፍና ቁልፉን ኪሷ ትከታለች። መግባት የፈለገ መጥቶ ይጠይቃታል፤ እሷም ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ስልኩን ትቀበለዋለች። ነውር ነው ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ ደግሞ እተወዋለሁ።