ከሂሳብ ክፍል የምትባረረው ልጅ

የትምህርት ቤቱ አማካሪ የምትሠራበት ክፍል ግማሹ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነው። አንዱ ተማሪ የሆዱን አውጥቶ ሲያለቅስ የስፖርት አስተማሪው ሰተት ብሎ ይገባና «ይቅርታ፣ ኳስ ልወስድ ነው» ይላል። ኳሱ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያለቅሰው ልጅ ወንበር ሥር ነው። እንግዲህ ምከሪ! ተማሪው ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ስለሚወጣ «መሐረብ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ቤቷ ስትገባ ባሏ «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት እንኳ «እባክህ ዛሬ የሰው ድምፅ አታሰማኝ» ትለዋለች። ምስኪኑ ሬዲዮኑንም ያጠፋዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የአንዳንድ አስተማሪዎች ነገር ነው። ረባሽ ሲያስቸግራቸው «ወደ ምክር ክፍል ሂድ!» ብለው እሷ ላይ ይጥሉታል። ሆድ የባሰው ልጅ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ እሷ ውስጥ ሆና ወረቀት የወረወረ ጎረምሳ ትገሥጻለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ከተባራሪዎቹ ሁሉ ጨጓራዋን የላጠችው ግን አንዲት ዘንካታ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ተዛውራ የመጣች። ፉጨት ይሏታል። በሌላው ትምህርት አፏ የተሰፋ ነው። ሂሳብ ላይ ግን አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞር ከማለቱ ታፏጫለች። ያባርራታል፤ ትመጣለች። አማካሪዋ ትቆጣለች፣ ትመክራለች፣ ትለምናለች። ልጅቱ እጇን አጣጥፋ፣ እሺ እያለች፣ ተመችቷት ታዳምጣለች። በማግስቱ ያው ፉጨት። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ!

በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ አማካሪዋን ጠሯትና «ይቺን ልጅ መሸኛ ሰጥቼ ላሰናብታት ወይስ ተስፋ አላት?» አሏት። አማካሪዋ ያን ጧት መኖር አስጠላኝ ካለች ተማሪ ጋር አርፍዳ ራሷ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

«እንደፈለጉ ያድርጓት! እኔ ሰልችቶኛል» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከሰዓት በኋላ ፉጨት ማንም ሳያባርራት መጣች።

«ቲቸር፣ ወላጅሽን አምጪና መሸኛሽን ውሰጂ ተባልኩ።»

«እሰይ! እናትሽን አምጫት። እኔም የምነግራት አለኝ።»

«የለችም። ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ሞተች። ያለሁት አክስቴ ጋ ነው።»

አማካሪዋ ክው አለች። «ይኼን ሁሉ ጊዜ እፊቴ ተቀምጠሽ፣ ምነው ትንፍሽ ሳትዪ ቀረሽ?»

«ዛሬስ እነግርዎታለሁ እያልኩ ነው የማፏጨው። እርስዎ ቁጣውን ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል።»

«ታዲያ እንደ ሰው ተራ ይዘሽ አትመጪም?»

«አግዳሚው ላይ የተቀመጠ እብድ ይባላላ! ተባሮ የገባ ጀግና ነው። ሌሎቹ ቲቸሮች ደግሞ ግቢ ነው የሚያስጠርጉን። ወደ እርስዎ የሚልከን የሂሳቡ ብቻ ነው።»

አማካሪዋ እየሮጠች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«ጧት ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አሏት።

«ጧት ምላሴን በቆረጠው!»

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ተረቱላት፤ «ግን አንድ ጊዜ ካፏጨች አለቀ» አሉ።

ልጅቱ ማፏጨቷን ተወች፤ መምጣቷንም ተወች። ግቢ ውስጥ ሲተያዩ ዓይኗን ትሰብራለች። አማካሪዋ እንዳታስጠራት እብድ ልታሰኛት ነው፤ እንዳትተዋት አንጀቷ እንቢ አለ። የሂሳብ አስተማሪው ደግሞ አስተማሪዎች ማረፊያ አግኝቷት፣ ደስ ብሎት፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ልጅቷን ጨዋ አደረግሻት» አላት።

«ምን ጨዋ አደረግኳት ትላለህ? አፈንኳት እንጂ!» ብላ ተነሥታ ወጣች። ሰውየው ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

በማግስቱ አማካሪዋ ሂሳብ መሀል ላይ የክፍሉን በር ከፍታ ገባች።

«አንቺ! አዎ፣ አንቺ ዘንካታዋ! እኔን ማን አድርገሽኝ ነው? ተነሽ፣ ውጪ!»

አስተማሪው ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። «ኧረ ዛሬ ምንም አላደረገች...»

«አንተ ደግሞ ዝም በልልኝ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ልጅቱ እንደ ጀግና ታጅባ ወጣች። አማካሪዋ ለማስመሰል ነበር የጮኸችው፤ ግን ንዴቷ የእውነት ነበር። በርዕሰ መምህሩም፣ በአግዳሚውም፣ በእብድ ባዮቹም ላይ ተናድዳለች። ከሁሉ የባሰ ግን በራሷ ነበር የተናደደችው።

ክፍሏ ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ልጅቱ አልተቀመጠችም።

«ዛሬ እኮ ምንም አላጠፋሁም፣ ቲቸር።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ምንም አላጠፋሽም።»

«እማዬ የሞተች ለትስ?»

አማካሪዋ ወንበሯን ወደ ልጅቱ አስጠጋች።

«ከመኝታ ቤት ጠራችኝ» አለች ልጅቱ። «‹መጣሁ፣ መጣሁ› አልኳት። ስልኬን እየነካካሁ ነበር።»