የውሰት አባት

ኔፓል ውስጥ ፖክሃራ ሐይቅ ዳር ለመጋባት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ጥንዶች ወላጅ ይዘው ስለማይመጡ፣ ሙሽራይቱን የሚድር አባት ከሰፈር ይጠራል። የሚመጡትም ሁልጊዜ እኚያው ሽማግሌ ናቸው። ሙሽሮቹ አንገታቸው ላይ የሚያጠልቁትን የሳር ጉንጉን የምትሠራው ሬዋቲ ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም። ባለጥለት ቆባቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ። የኮታቸው ሦስት አዝራሮች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት ያበራል። ሙሽራይቱን ሲያስረክቡ ከልባቸው ስለሚያለቅሱ፣ ሙሽሮቹ የማያውቋቸውን ሰው አቅፈው ያባብላሉ።

በአገሩ ልማድ፣ ሴት ልጁን የሚድር አባት የሙሽሮቹን እግር አጥቦ እስኪያስረክብ ድረስ እህል አይቀምስም። ዛሬ ሙሽሮቹ በጀልባ ላይ ፎቶ ሲነሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አለፈ። የሽማግሌው ሆድ ከካህኑ ደወል በላይ ይጮኻል።

ሬዋቲ አላስችል አላት። “አባባ፣ ይቺን ሳምቡሳ ይቅመሱ እንጂ! የኖርዌይ ልጅ ምን ታውቃለች?”

“እሷ ባታውቅ ትዳሯ ያውቃል።”

“እዚሁ ተዝለፍልፈው ወድቀው ጉድ እንዳያደርጉን!”

“ብወድቅ ደግፊኝ። እግሯን ሳላጥብ አልቀምስም።”

“ኧረ የራስዎን ልጅ ሲድሩም እንዲህ አልተራቡም!”

ሽማግሌው ሳምቡሳውን በአንድ ጣት ወደ እሷ መልሰው ገፉትና ወደ ጀልባው ተመለከቱ።

“የኔዋማ ከወደደችው ልጅ ጋር የጠፋችው በምሳ ሰዓት ነው” አሉ። “እኔ ሁለተኛ ሳህን እያስጨመርኩ።”