ጓጉንቸር ይዞ የመጣው የክበቡ እንግዳ

የሰፈሩ የበጎ አድራጎት ክበብ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው አዳራሽ ይሰበሰባል። መጀመሪያ የአረጋውያኑን ቤት ማን ቀለም እንደሚቀባ፣ የማን ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚጠገን ይነጋገራሉ፤ ከዚያ የዕለቱ እንግዳ ስለ ሙያው ሃያ ደቂቃ ያወራል። ሃያ ስል ሃያ ነው! ደወል የምትደውለው ሴት፣ ሰው ሁሉ ደወሊቱ የሚላት፣ እዚያ ተቀምጣ ሃያ አንድ የሚባል ነገር የለም። ጡረታ እስክትወጣ የአውቶቡስ ስምሪት ላይ ነው የሠራችው። አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኖ የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በወሬው መሃል፣ ገና ሰውየውን ከሚቃጠለው ፎቅ ሳያወርድልን ደወለችበት፤ እስካሁን ወረደ አልወረደ አናውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ፣ ጡረተኛው መምህር፣ «የሚቀጥለው ሳምንት እንግዳችን ባለቤትሽ ነው» አሏት ደወሊቱን።

ክው አለች። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን መኖሩም ያጠራጥራል። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ እራት ላይ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ ብዙም አልሰማችም።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይተዉት! ሰው ፊት ቆሞ ላብ ሲያጠምቀው ማየት አልችልም።»

«እሱ እኮ እሺ ብሏል።»

«እሱማ ለምን እሺ አይልም? ሌላ ቃል መቼ ያውቅና!»

ቀለደች እንጂ አልተወችውም። ሰው እንዳይስቅበት ብላ ሁለት ገጽ ንግግር በእጇ ጽፋ ሰጠችው። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ረቡዕ ደረሰ። ሠላሳ ሰው ፊት ቆመ። ወረቀቱን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። አንድ ደቂቃ አለፈ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ደቂቃ። ከኋላ አንዱ አሳለ። ደወሊቱ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች።

ያኔ ሰውየው ቀስ ብሎ ተቀመጠና ከኮቱ ኪስ አሮጌ ጓጉንቸርና መፍቻ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ መፍታት ጀመረ። የመጀመሪያው ብሎን ሲወጣ አፉን ከፈተ።

«ይቺ የአንድ ሽማግሌ ነበረች» አለ፣ ቀና ሳይል። «በወር አንዴ ቁልፍ ጠፋብኝ ብለው ይጠሩኛል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሲራመዱ ይንቃጨላል። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እከፍትላቸዋለሁ። ከዚያ ግባ ይሉኛል። ሰው ሲያምራቸው ነዋ!»

ቀጠለ። መታጠቢያ ቤት ተቆልፎባት፣ ሚዜዎቿ ከውጭ ሲላቀሱ እሷ ከውስጥ ታጽናናቸው ስለነበረች ሙሽራ አወራ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደወሊቱም ሆዷን ይዛ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ቀጥ አለች።

ይህን ሰው ታውቀዋለች! ሳይጋቡ በፊት የሱቁ በር ላይ ቆማ፣ እሱ ቁልፍ እየሞረደ እንዲህ ነበር የሚያስቃት። በተጋቡ ሰሞን እቤት ጓጉንቸር ሲፈታ አዲሱ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዘይት ቢያንጠባጥብ፣ «ሁለተኛ ይሄን ግሳንግስህን ቤቴ እንዳታመጣ!» ብላ ጮኸችበት። አላመጣም። ለካ እጁ ሥራ ሲፈታ አንደበቱ ይያዛል። «እኔው ነኝ ዝም ያሰኘሁት» አለች በሆዷ፤ እንባዋ መጣ።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን እየጠቆሙ አፈጠጡባት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ! እንዳላየች ሆና ወደ ባሏ ዞረች። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ተነሥተው ሲያመሰግኑት ሙሽራዋ ገና ከመታጠቢያ ቤቱ አልወጣችም ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ እጁን ኪሱ ከቶ እንደ ወትሮው ዝም አለ። በሩ ላይ ሲደርሱ ክንዱን ያዘችው።

«ስማ፣ ከነገ ጀምሮ ሥራህን እቤት ይዘህ ና።»

ቆሞ አያት። «ዘይቱስ? የጠረጴዛ ልብስሽ...»

«የጠረጴዛ ልብሱ ገደል ይግባ! የሙሽራዋን ነገር መቼ ጨረስክልኝ?»